ትንሿ ጎማ የት ትገባለች?

ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ክፍተት ነው። የእግረኛ ድልድይ ጫፍ ላይ ስለምንተወው፣ ኤክስፓንሽን ጆይንት ስለምንለው። የሚሻገረው ሰው ለክፍተቱ ስም የለውም። ትዝ የሚለው ሲያደናቅፈው ብቻ ነው።

ለምን እንደምንተወው ታውቃላችሁ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 50 ሜትር የሆነ የብረት ድልድይ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 24 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ኮንክሪትም ቢሆን አይቀርለትም። ቦታ ከነፈግነው ጫፉ ላይ ያለውን ግንብ መግፋት ይጀምራል።

ጀማሪ ሳለሁ ይቺን ስሌት ሠርቼ፣ ክፍተቱን ትቼ፣ እጄን አራግፌ ሄድኩ። ድልድዩ ከተከፈተ በኋላ አንዲት ሴት በዊልቸር ስትሻገር አየሁ። ከፊት ያለችው ትንሿ ጎማ ክፍተቱ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና ጥልቅ! ወንበሩ ቀጥ አለ፣ ሴትየዋ ወደ ፊት ተወረወረች። ደግነቱ መደገፊያውን ያዘች። ቀና ብላ፣ «ይሄን የሠራው ሰውዬ ዊልቸር አይቶ አያውቅም መሰለኝ» አለችኝ። እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

የአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃ ከ13 ሚሊሜትር ገደማ የሚበልጥ ስፋት ያላት ኳስ የምታልፍበትን ክፍተት በመሄጃ ወለል ላይ አይፈቅድም። የከፍታ ልዩነቱም ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ ካለፈ ጠርዙ ተዳፋት እንዲሆን ያዛል። ድልድዩ 24 ይፈልጋል፣ ጎማዋ ከ13 በላይ አትችልም። ታዲያ እንዴት እናስታርቃቸው?

ብዙ ጊዜ የሚያስታርቃቸው ክፍተቱን የሚሸፍን ላሜራ ነው። በአንድ በኩል ይታሰራል፣ በሌላው በኩል በነፃ ይንሸራተታል። ቀላል ይመስላል፤ ጉዱ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። ላሜራው ከሳሳ ጫፉ ይጣመማል፣ ሥሩ አሸዋ ይገባል፣ የዓይነ ስውሩ ነጭ በትር እዚያች ላይ ይያዛል። ላዩ ልሙጥ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ሰው ይጥላል። ስለዚህ ላዩ ይሻክር፣ ጠርዙ በሰያፍ ይቆረጥ፣ የብሎኖቹ ራስ ወደ ውስጥ ይስመጥ። ከሥሩ ውኃ የሚይዝ ላስቲክ ካልተደረገ ድልድዩ የተቀመጠበት ብረት ቀስ በቀስ ይዝጋል። ክፍተቱ ውስጥ የተጠራቀመ ጠጠርም ካልተጠረገ ያ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው፤ ድልድዩ መርዘም ሲፈልግ ቦታው ተይዟል።

ክፍተቱ የሚገጠምበት ቀን ሙቀትም ሥዕሉ ላይ ይጻፍ። በቀትር ፀሐይ የተለካ ክፍተት በሌሊት ብርድ ሌላ ነው።

አሁን ብዙዎቻችን የምንረሳትን ላንሳ። ወለሉ ሲረዝም መደገፊያውም ይረዝማል፣ እሱም ክፍተት ይፈልጋል። እጁን መደገፊያው ላይ እያንሸራተተ የሚሄድን ሰው አስቡት። ሁለት የተቆረጡ ቱቦዎችን ፊት ለፊት ከተውናቸው፣ ሙቀት ሲመጣ ይቀራረባሉ፣ ጣት ይቆነጥጣሉ። መላው አንዱን ቱቦ ሌላው ውስጥ እንዲንሸራተት ማድረግና ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ ነው። ወጪው ኢምንት ነው። እኔ ግን እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በሩ ላይ ዊልቸር አስቀምጫለሁ። ከእረፍት በኋላ ውጭ ያለውን ድልድይ በየተራ እንሻገርበታለን። የፊቷን ጎማ ልብ በሉ። መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ።