ጥያቄውን ለእኔ ያቅርቡልኝ

(የአካል ጉዳተኞች ቀንን ምክንያት በማድረግ ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆችና አስታማሚዎች፣ ከየጤና ተቋሙ የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

በዚህ ውርጭ ከመንዝ፣ ከጣርማ በር፣ ከአንኮበር ሌሊት ተነስታችሁ ለመጣችሁ ምስጋናዬ የተለየ ነው። የብረት ክራንች በኅዳር ጠዋት ሲጨብጡት እጅ እንዴት እንደሚያደነዝዝ እናንተም እኔም እናውቀዋለን።

ዛሬ ኅዳር 24 ነው። ቀኑ በየዓመቱ ይከበራል። ሰልፍ አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ንግግር አለ። እኔ የመጣሁት ግን ለአንድ ጉዳይ ነው። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ስለ ሕመማችን የምንናገረው እኛው እንሁን።

ዊልቸር ላይ የተቀመጠው ታካሚ እዚያው እያለ ጥያቄው ለሚገፋው ሰው ይቀርባል። «ምን ያመዋል? ይበላል? እንቅልፍ ይተኛል?» እግሩ የተጎዳ ሰው አፉም አብሮ የተዘጋ ይመስላቸዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ካለ እጁን ያውጣ።

አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። መስማት የተሳናት ወጣት ናት፤ ነፍሰ ጡር ነች። ከአማቷ ጋር መጥታለች። እዚያ ተራ የሚጠራው በድምፅ ነው። አማቷ ውሃ ልትገዛ ወጣ ባለችበት ስሟ ተጠራ። እሷ እንዴት ትስማ? ተራዋ አለፈ፤ እንደገና ከወረፋው ጭራ ተሰለፉ። ከስንት ሰዓት በኋላ ገቡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ደጅ ያለነው ሁሉ እንሰማለን። አዋላጇ የምትጠይቀው አማቷን ነው። «የወር አበባዋ መቼ ቀረ? ደም ፈሷት ያውቃል? ከዚህ በፊት ውርጃ አጋጥሟታል?» አማት የምታውቀውንም የማታውቀውንም ትመልሳለች። ልጅቷ ዓይኗን ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ታመላልሳለች። ከዚያ ክንዷን ይዘው ደም ቀዱላት። ለምን እንደሚቀዳ የነገራት የለም። እጇን ስትሰበስብ «ረጋ በይ!» ተባለች። እሱም በቃል!

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች መሆኗን ኋላ ሰማሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

እስቲ እናቶች ፍረዱኝ። አማቷ ፊት «ውርጃ አጋጥሞኝ ያውቃል» የምትል ሴት የት አለች? ባሏ ቢመታትስ ለሐኪም በማን በኩል ትናገራለች? በእናቱ?

አማቷን አልወቅስም። የአስታማሚን ድካም እናውቃለን፤ ያለ እነሱ እዚህ አንደርስም ነበር። አዋላጇም ክፉ ሆና አይደለም፤ ደጅ ያለው ወረፋ ያስጨንቃል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባልን ነው ያደግነው። እኛ መቼ ደበቅን? ማን ጠይቆን?

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 25 ለእኛም እንደ ማንም ሰው እኩል ጥራት ያለው ሕክምና እንዲሰጠን ይላል፤ ያውም አውቀንና ፈቅደን። አውቀንና ፈቅደን! ያቺ ልጅ ምኑን አወቀች? መቼ ፈቀደች?

አዋጁ ግን ምርመራ ክፍል ድረስ አብሮን አይገባም። የምንገባው እኛ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ የጀመርነውም ለዚህ ነው። አንዱ ሐኪም ይሆናል፣ ሌላው ታካሚ። ከሁሉም የከበደን ጨዋነታችን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወገባቸውን ሲያማቸው ያደሩ ሰው «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ሐኪሙ የተናገረው ባይገባንም «እሺ ጌታዬ» ብለን እንወጣለን። መልሶ መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ጋሼ የምንላቸው አንድ ዓይነ ስውር አባላችን «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ» የምትለዋ ከአፋቸው እስክትወጣ ስንት ቅዳሜ ፈጀች! አሁን መድኃኒት ቤት ሲገቡ ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። ስሙን፣ ለምን እንደታዘዘ፣ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ ይጠይቃሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ላስቲክ አውጥተው የጠዋቱን አንድ ዙር፣ የማታውን ሁለት ዙር ያስሩበታል። ድሮ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ሳይወስዱ ይጠብቁ ነበር።

መስማት ለተሳናቸው አባላት ደግሞ ለባለሙያው የሚያሳዩት ጽሑፍ በወረቀት አዘጋጅተናል። «መስማት የተሳነኝ ነኝ። ተራዬ ሲደርስ በእጅ ምልክት ይጥሩኝ። ጥያቄዎን ለእኔ ይጻፉልኝ።» ማንበብ ለማይችሉት ይህ አይበቃም፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የግድ ነው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁ ይጀምር። ሆዴን ካለ ሆዴን ይበል። የጎደለውን ከዚያ ሙሉለት።

ባለሙያዎች፣ ፊታችሁን ወደ ታካሚው አዙሩ። አስታማሚው ይግባ ወይስ ደጅ ይቆይ ብላችሁ የምትጠይቁትም ታካሚውን ይሁን። የተቋም ኃላፊዎች፣ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። በሰው ጀርባ ታዝለን ደረጃ መውጣት ይብቃን!

የቅዳሜው ልምምድ እንደተለመደው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሞችና ነርሶች፣ ኑና ሐኪሙን እናንተ ሁኑልን። አባሎቻችን እናንተው ላይ ይለማመዱ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሳትወጡ ስማችሁን አስፍሩ።

አመሰግናለሁ።