የት ወጣ?

ውድ ሰልጣኞች፣ እንደምን አደራችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ የእርሳስ ጫፍ ስለምታክል ጥቁር ነጥብ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መብረቅ የመታው አውሮፕላን እንድፈትሽ መሰላል ላይ ወጣሁ። አፍንጫው አጠገብ አንዲት የተቃጠለች ነጥብ አገኘሁ። "ይኸው!" ብዬ ልወርድ ስል አለቃዬ ከታች ሆነው "የት ወጣ?" አሉኝ።

መብረቅ በገባበት አይቀርም። ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ወይም በክንፍ ጫፍ ገብቶ በጭራ በኩል ይወጣል። አሉሚኒየም ኮረንቲ በደንብ ስለሚያሳልፍ ኃይሉ በውጭው ገላ ላይ ይፈሳል። ተሳፋሪው ውስጥ በሰላም የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ግን አውሮፕላኑ እየበረረ ነው። መብረቁ አየር ላይ ባለበት ሲቆይ ገላው ወደፊት ያልፋል። ስለዚህ እየዘለለ ወደ ኋላ ነጥብ በነጥብ ያቃጥላል። አንዷን ካገኛችሁ ሰልፉን ተከተሉ።

የመጀመሪያው ምት እስከ 200,000 አምፔር ሊደርስ ይችላል፤ ግን ቅጽበት ነው። ቆርቆሮውን የሚበሳው በአብዛኛው ከኋላ የሚመጣው፣ ጥቂት መቶ አምፔር ብቻ የሆነው ኮረንቲ ነው። አንድ ቦታ ላይ ይቆያላ! አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። የክንፍና የጭራ የኋላ ጠርዝ በተለይ ይጎዳል፤ መብረቁ ከዚያ ወዲያ የሚዘልበት ገላ የለውም።

ቀለምም ነገር አለው። ወፍራም ቀለም ይከላከላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እውነታው ተቃራኒው ነው። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። መብረቁ አንዴ በስቶት ከገባ እዚያችው ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ ጉድጓዱም ይጠልቃል። ተደጋግሞ የተቀባ ቦታ ስታዩ አትቸኩሉ።

የነዳጅ ጋን ያለበት ክንፍ ሥር ስቆም ሁሌ የማስበው አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፓን አም የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 አውሮፕላን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኤልክተን አጠገብ በመብረቅ ተመታ። ጋኑ ውስጥ የነበረው የነዳጅ ተን ተቀጣጠለ። 81 ሰዎች አለቁ። ዛሬ የጋን ቆርቆሮ ውፍረት ላይ የምንጨነቀው በከንቱ አይደለም።

ያን ቀን መውጫውን ስንፈልግ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ጭራው ላይ አንዲት ሪቬት፣ ማለትም ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የምታያይዝ ምስማር መሳይ ማሰሪያ፣ አገኘን። ጭንቅላቷ በአንድ በኩል ቀልጧል። ከታች ሆኖ ላየው ቆሻሻ ይመስላል። ጣቴን ሳሳልፍባት ግን ጓንቴን ያዘችው።

ከሰዓት በኋላ መሰላሉን ጭራው ጋ አቁሙልኝ፤ ከዚያ እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።