ልዑሉ፣ ልጁና የተበተነው ኦርኬስትራ

ሀያት፦ ጤና ይስጥልን፣ ከደሴ ነን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ነው። የሃንጋሪ መኳንንት ነው፤ የሙዚቃ ደራሲውን ሃይደንን በቤቱ ይዞ ያኖረው። እሱ ቤተሰቡን የመራው በፈረንጆቹ ከ1762 እስከ 1790 ነው።

ይመር፦ ከፋይ ብቻ አልነበረም አይደል?

ሀያት፦ ኧረ ራሱም ይጫወት ነበር! ባሪቶን የሚባል መሣሪያ አለ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን ይመታል፣ ከአንገቱ ጀርባ ደግሞ በአውራ ጣት የሚነኩ ክሮች አሉት። ሃይደን ለዚህ መሣሪያ ከ120 በላይ የሦስት ሰው ሙዚቃ ጽፎለታል። አስበው እስቲ፣ ለአንድ ሰው ፍቅር!

ይመር፦ ልጁስ?

ሀያት፦ አንቶን ይባላል። አባቱ በ1790 ሲሞት ወረሰ፣ ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹን ሙዚቀኞች አሰናበተ። ሃይደን ደመወዙ ባይቋረጥም ሥራ ስላልነበረው ለንደን ሄደ። ያ ሁሉ ዓመት የተገነባ ኦርኬስትራ በቃ ተበተነ። በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ይመር፦ እኔ ግን በልጁ አልፈርድም። አባትየው እኮ ኦፔራ ቤት ነበረው፣ የአሻንጉሊት ቲያትር ሳይቀር። ያን ሁሉ መሸከም ቀላል ነው?

ሀያት፦ ወጪውስ ልክ ነህ። ግን ሙዚቃ ቤት ውስጥ መኖሩና ልጅ ልብ ውስጥ መግባቱ ለየቅል ነው። እኛ ጋ ጀማ ንጉሥ ወይም ገታ ሀድራ ላይ ልጁ አባቱ ጉያ ተቀምጦ መንዙማ ይሰማል። ተማር የሚለው የለም። ድቤው ሲመታ ያጨበጭባል፣ አዝማቹን ከሰው ጋር ይቀበላል፣ ሲያድግ ግጥሙን በቃሉ ይዞት ታገኘዋለህ።

ይመር፦ ወላሂ እውነት ነው። አምባሰልና ባቲን እኔም እንደዚያ ነው የለየሁት። ማሪቱ ለገሰ በሬዲዮ ስትመጣ አባቴ ድምፁን ከፍ ያደርግና ዝም ያሰኘናል። ሲያልቅ ወደኔ ዞሮ "ይቺን ሰማሃት?" ይለኛል።

ሀያት፦ በቃ እሷ ጥያቄ! መሣሪያ መግዛት፣ አስተማሪ መቅጠር የሚመጣው ከእሷ በኋላ ነው። ደግሞ የኤስተርሃዚ ነገር በዚያው አልቀረም። አንቶን በ1794 ሞተና ልጁ፣ የአያቱ ስመኛ ኒኮላውስ፣ ኦርኬስትራውን መልሶ አቋቋመ። የሱ ፍላጎት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነበር። በ1807 ሌላውን የሙዚቃ ደራሲ ቤቶቨንን የቅዳሴ ሙዚቃ ያስደረሰው እሱ ነው።

ይመር፦ እሺ፣ ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር ከየት ይጀመር?

ሀያት፦ ከ45ኛው የሃይደን ሲምፎኒ፣ ለኦርኬስትራ ከተጻፈ ረጅም ሙዚቃ፣ ከመጨረሻው ክፍል። 1772 ላይ አያትየው ልዑል በበጋ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ቆየ፣ ሙዚቀኞቹ ሚስትና ልጆቻቸው ናፈቋቸው። ሃይደን ምን አደረገ? ፈጣኑ ሙዚቃ ድንገት ይቆምና ቀስ ያለው ይገባል፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ። ልዑሉ ገባውና በማግስቱ ጉዞ ተጀመረ ይባላል።

ይመር፦ ይሄን ልጅ ይወደዋል!

ሀያት፦ በቪዲዮ አሳየው፣ አሁን ማን ወጣ እያልክ ጠይቀው። መጀመሪያ ከሚወጡት አንዱ ኦቦ ነው፣ ቀጭን የትንፋሽ መሣሪያ። ሁለት ቫዮሊን ብቻ እስኪቀሩ ይቆጥርልሃል። ሲጨርስ ማሲንቆ ላይ አንድ አምባሰል ክፈትለት፣ በዚያው ጆሮው እንደነቃ።