ወዴት ልትሄጅበት ነው?

እሺ። ሰላም ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? ድምፄ ትንሽ ጎርነን ብሏል፣ የደሴ ብርድ ነው። መስኮቱን ዘግቻለሁ፤ የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ግን ይቅርታ።

ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁ የስኩተሬን፣ የድምቡሼን፣ የሦስተኛውን ቺንጊያ (የሞተሩን ቀበቶ) ታሪክ ነበር። እሱ ይቆየን። እሁድ የሆነ አንድ ነገር አለ፣ አልወጣልኝም። ዛሬ ሐሙስ ነው። አራት ቀን ሙሉ እያመላለስኩት ነው።

እሁድ እንደተለመደው በሞተር ወረድን። አራታችንም ነበርን። ባንከሩ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ነርሷ፣ እኔና ድምቡሼ። ከደሴ ፒያሳ ተነስተን፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ኮምቦልቻ ምሳ በልተን መመለስ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በመኪና ምንም አይደለችም። በስኩተር ግን ጉዞ ናት።

ድምቡሼ ስትወርድ ድምፅዋ ይለወጣል። ነግሬያችኋለሁ አይደል? ደሴ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። ወደ ታች በሄድን ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ እሷም ደረቷን ነፍታ መተንፈስ ትጀምራለች። ስንመለስ ደግሞ ታቃስታለች። መካኒካችን ሲያስረዳኝ፣ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደሴ ላይ እንግዲህ ሩቡ የለም ማለት ነው። ከ125 ሲሲ ላይ ሩብ ሲቀነስ አስቡት። ለዚህ ነው ሀረጎን ስንወጣ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ከኋላችን መጥቶ ጥሩንባ የሚነፋብን። እንዴት ያስፈራል መሰላችሁ።

መውረዱም የራሱ ነገር አለው። እንደ ድምቡሼ ያለ ስኩተር በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሽ አትቀንሱም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ያን ያህል አይዝላችሁም። ሁሉ ነገር ፍሬን ላይ ነው። መታጠፊያው ላይ ደግሞ ጉም አለ።

ብቻ ስንመለስ እትዬ ጋ ቆምን። መታጠፊያዋ ላይ ቡና የሚያፈሉት እትዬ። ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ ጉሙ ከታች እየወጣ። እጄ ደንዝዞ ስኒውን በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። አቦሉ ላይ ባንከሩ ጀመረው። "ገንዘብ ችግር ባይሆን የህልማችሁ ሞተር የቱ ነው?"

ይህን ጨዋታ ስንቴ ተጫውተነዋል! እሱ እንደ ሁልጊዜው አፍሪካ ትዊን አለ። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው፣ በ2016 ደግሞ በትልቅ ሞተር እንደገና የመለሰው። አሁን ያለው ከ220 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ነርሷ "ከወደቀ ማን ያነሳልሃል?" አለችው። "እናንተ" አለ። ስልክ ጠጋኙ ቦክሰር አለ፣ ባጃጅ ቦክሰር። ሁላችንም ጮህንበት። ህልም እኮ ነው የተባለው! እሱ ግን ፍንክች አላለም። "መለዋወጫው ሰኞ ገበያ ይገኛል፣ ገጠር ገብቶ ይወጣል፣ ቤንዚን አይበላም። ሌላ ምን ልመኝ?" አለ። ልክ ነው እኮ። ልጁን አከብረዋለሁ።

ነርሷ ቬስፓ አለች። እውነተኛውን ቬስፓ። እኛ አገር ስኩተር ሁሉ ቬስፓ ነው የሚባለው፤ ድምቡሼንም ሰፈሩ በሙሉ ቬስፓ ነው የሚላት፣ ግን አይደለችም። ቬስፓን የሠራው ሰውዬ፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ይባላል፣ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር! ዘይቱ ልብስ ያበላሻል፣ ጎማ መቀየር ያስቸግራል፣ እግር አንስቶ መቀመጥ አለ። ስለዚህ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳለቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሞተሩን ሸፍኖ ከወንበሩ ሥር አስገባው፣ ከፊት እግር የሚያርፍበት ሜዳ አደረገለት። የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ በኩል ብቻ ያዘው፣ ሲተነፍስ ቶሎ እንዲወልቅ። ቀሚስ የለበሰች ሴት እንደ ወንበር ቁጭ ትላለች። ስሙም በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ይህን ሳነብ በጣም ነው የወደድኩት። ሞተር የማይወድ ሰው እኔን ሞተር ላይ አወጣኝ ማለት ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ መቀመጥ የቻለችው በሱ ምክንያት ነው። ሌላ ሞተር ላይ እሺ አትልም ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ከመድኃኔዓለም ስንመለስ... አይ፣ ይቅር፣ ረጅም ነው።

የት ነበርኩ? አዎ። የኔ ተራ ደረሰ።

ሂማሊያን አልኩ። ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ 411 ሲሲ። ሁልጊዜ እሱን ነው የምለው፣ ታውቃላችሁ። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። የተሠራው ለተራራ ነው፣ የኛም አገር ተራራ ነው፣ ወንበሩም 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስለሳቸው አንዴ ነግሬያችኋለሁ፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ዝም ብለው ነበር የሚያዳምጡት። ከዛ ስኒያቸውን አስቀመጡና "ወዴት ልትሄጅበት ነው?" አሉኝ።

በቃ። ይኸው ነው ያሉት።

መልስ ጠፋኝ። ሌሎቹን አልጠየቋቸውም እኮ። ባንከሩን "አፍሪካ ትዊን ይዘህ ወዴት?" አላሉትም። እኔን ብቻ። ሴት ስለሆንኩ ይሆን ብዬ ለአንድ አፍታ ተናድጄ ነበር። ግን ዓይናቸው እንደዛ አልነበረም። የምር መልሱን ፈልገው ነው። መንገዱን ስለሚያውቁት፣ የምሄድበትን ብነግራቸው ጉድባውን ሁሉ ሊነግሩኝ።

እኔ ዝም። እትዬ ቶናውን ቀዱ። ኤፍ ኤስ አር እያቃሰተ አለፈ። የፍሬን ሽታ ገባ። ጋሼ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡና ረከቦቱ ጎን አስቀመጡት። "የኔዋ ውጭ ናት። ንጃትና ተመለሽ። ያኔ ትነግሪኛለሽ።"

የሳቸው ሆንዳ ኤክስ ኤል ናት። 125 ሲሲ፣ ልክ እንደ ድምቡሼ። ግን እንዴት ሌላ ናት! የፊት ጎማዋ 21 ኢንች ነው፣ የድምቡሼ 10 ነው። ድምቡሼ የምትገባበትን ጉድጓድ እሷ ታልፈዋለች። ጋሼ በሷ ወረኢሉን፣ ለጋምቦን፣ ደላንታን አዳርሰዋል። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ እጃቸውን ከመሪው ጋር እንዳጣበቀው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ዘር ጭነውባታል። አንዴም ምጥ የያዛት ሴት አድርሰውባታል።

ወጣሁ። ሦስቱም ተከትለውኝ ወጡ፣ ባንከሩ ስልኩን ደግኖ። ተቀመጥኩባት። ከፍ ትላለች። የግራ እግሬ ጣት መሬት ይነካል፣ ተረከዜ አይነካም። በእግር ረገጥኳት፣ በሁለተኛው ተነሳች። ያ ድምፅ... ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ፍሪሲዮን ያዝኩ፣ አንደኛ አስገባሁ። ማርሽ እችላለሁ እኮ! መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በባለማርሽ ሞተር ነው። ችሎታው አይደለም። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ፣ ተንቀሳቀሰች። ሁለት ሜትር፣ ምናልባት ሦስት። መንገዱ ጥጋት ደረስኩ። በቀኝ ወደ ኮምቦልቻ፣ በግራ ወደ ደሴ።

አጠፋኋት።

ለምን እንደሆነ እኔንጃ። መኪና አልነበረም። ጉሙም ገለል ብሎ ነበር። ሁለቱንም መንገድ አየሁና አጠፋኋት። እየገፋሁ መለስኳት። "እግሬ አልደረሰም" አልኳቸው። ነርሷ "አይዞሽ" አለችኝ። ባንከሩ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ፣ ምንም አላለም፤ ለዛ አመሰግነዋለሁ። በረካው ሳይቀዳ ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ። ጋሼ "ቁልፉን እዛው አስቀምጭው" አሉኝ። ከዛ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

እና እውነቱን ልንገራችሁ? "ወዴት?" ሲሉኝ መልስ ጠፋኝ አልኩ አይደል? አልጠፋኝም። መጥቶልኝ ነበር። አፌ ላይ ነበር። ወገልጤና።

ስለ አባዬ ያወራሁበትን ዝግጅት የሰማችሁ ታውቃላችሁ። ለአዲሶቹ... አይ፣ ዛሬ አልደግመውም። ደላንታ፣ ወገልጤና። ኦፓል የሚወጣበት። አባዬ የተወለደበት። እኔ ረግጬው የማላውቀው። በኩታበር አድርጎ፣ በሽሎን ተሻግሮ፣ ሽቅብ። በሽሎ ሸለቆ ነው፣ ድምቡሼ ወርዳ የምትወጣ አይመስለኝም። "ሞተሩን ስገዛ እሄዳለሁ" ስል ኖሬያለሁ። ለእናቴም እንደዛ ነው የምላት።

ግን በመኪና ይኬዳል እኮ! ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ መሳፈር ነው። ሞተር አያስፈልገውም። ሂማሊያን አያስፈልገውም። ይሄ ነው እሁድ ማታ እንቅልፍ የነሳኝ። ሞተሩን የምመኘው ለመሄድ ነው ወይስ... እስኪገዛ ድረስ ላለመሄድ? አይ፣ እሱም ልክ አይመስለኝም። ሞተሩን የምር እወደዋለሁ። ፎቶውን ሳየው ደስ ይለኛል። ሰው ደስ ያለውን ነገር ሁሉ ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት እንዴ?

እንዲያውም አባዬ ሞተር አይወድም ነበር። ነግሬያችሁ አላውቅም። ድምቡሼን አላያትም። ቢያያት ይቆጣ ነበር፤ ከዛ ደግሞ ከሰዓት ወጥቶ በቆሻሻ ጨርቅ ይወለውላት ነበር። አውቀዋለሁ። አንድም ቃል ሳይናገር።

እ... ይቅርታ። ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ሌላው ነገር። ልንነሳ ስንል ጋሼ፣ ለእትዬ ነው የነገሯቸው፣ "ልሸጣት ነው" አሉ። ጉልበታቸው። ልጆቻቸውም ከአዲስ አበባ እየደወሉ "በቃዎት" ይሏቸዋል። አንድ ሰው ጠይቋቸዋል። "እስከ ቅዳሜ ለማንም አልሰጥም" አሉ። ይህን ሲሉ ወደ ጀበናው ነበር የሚያዩት። ለኔ ነው? ለእትዬ ወሬ ነው? ነርሷ "ላንቺ ነው እንጂ" ትላለች። ስልክ ጠጋኙ ደግሞ ወዲያው ሒሳብ ውስጥ ገባ፤ መለዋወጫው፣ የሊብሬው ማዞሪያ፣ ድምቡሼ ብትሸጥ ስንት ታወጣለች።

ድምቡሼ ብትሸጥ። እንዲህ ሲል ሆዴ ቡጭ አለ። ውጭ ቆማለች እኮ፣ ትሰማለች።

ዋጋዋን አልጠየቅኋቸውም። ስልካቸው አለኝ። ማክሰኞ አውጥቼው ነበር፣ ቁጥሩን። አልደወልኩም። ብደውል መጀመሪያ የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ። ዋጋ አይደለም የሚያወሩት።

እናቴን ትናንት፣ እንዲያው እንደ ዋዛ፣ "ወገልጤና አሁን ብርዱ እንዴት ይሆን?" አልኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። "ጋቢ ይዘሽ ነው የምትሄጅው" አለችኝ። ልሄድ ነው አላልኳትም እኮ። ብርዱን ነው የጠየቅኳት። ከዛ ማማሰሏን ቀጠለች።

እንግዲህ ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። ነገ ጠዋት ጎሚስታው ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ የድምቡሼ የኋላ ጎማ ሲያድር ይጎድላል። ከጎሚስታው እስከ ጋሼ ቤት ሩቅ አይደለም፣ በእግርም ይደረሳል። ግን ጎማው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ... እና ደግሞ ተረከዜ እኮ እውነትም መሬት አልነካም። ያንን አልዋሸሁም። ጣቴ ነው የነካው...