እንጀራዬን የተሻማችኝ ሰዓት

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂ ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

እዚህ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሰዓት ስጠግን ነው የኖርኩት። ስለ ሙያህ ተናገር ስባል፣ እንጀራዬን ስለተሻማችኝ ስለዚህች ጥቁር ሰዓት ላውራ አልኩ፤ ስለ ካሲዮ።

ነገሩ የተጀመረው በሲጋራ ነው። ጦርነት ባደቀቃት ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ታዳዎ ካሺዮ የሚባል የቶርኖ ባለሙያ ቶኪዮ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ገበያ ያገኘለትም እንደ ቀለበት ጣት ላይ የሚጠለቅ የሲጋራ መያዣ ነበር። ሲጋራ ብርቅ ነበርና ሰው እጁን ከሥራ ሳያነሳ እስከ ቁራጩ ያጨስበታል። (አጭሱ ማለቴ አይደለም!) በዚያ ገንዘብ ከሦስት ወንድሞቹ ጋር ሒሳብ የሚሠራ ማሽን ላይ ተጠመዱ፤ በ1957 ተሳካላቸው። ወደ ሰዓት የገቡት በ1974 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውን ይህችን ኤፍ 91 ደብሊው እዩልኝ። አራት ብሎን ፈትታችሁ ብትከፍቷት የሚዞር ጥርስ የለ፣ ዘይት የሚፈልግ ነገር የለ። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ኳርትዝ የምትባል ድንጋይና 7 ዓመት ገደማ የምትቆይ ባትሪ፣ በቃ። በእጅ የሚሞላው ሰዓት እኮ ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ባለቤቱም እየተመላለሰ ይጠይቀኛል። ይህቺን የያዘ ደንበኛ ግን ማሰሪያ ካልተበጠሰበት ደጄንም አይረግጥ። ርካሽነቷን ስንንቅ ኖርን፤ አሁን ሳስበው ግን የሚበላሸውን ነገር ቀድሞ ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው።

አንድ ነገር ግን አልቀረብኝም፤ «በእኛ ሰዓት አድርግልኝ» የሚለኝ ሰው። በጀማሪነቴ ለአንድ አባት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሞላሁላቸው፤ «ፒኤም» (ከቀትር በኋላ) የምትለዋን ምልክት ግን ልብ አላልኩም። በማግስቱ መጡ፦ «አንተ ልጅ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቀኔን ቀየረብኝ!» ምልክቷን ስናጠፋት ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚገለበጥ ሆነ፤ ልክ እንደ እኛው አቆጣጠር። ጳጉሜን ግን አታውቃትም፤ ለእሷ በየዓመቱ ይመጡ ነበር።

እንግዲህ ሥራ ስትጀምሩ ይህቺም ትመጣላችኋለች። ጀርባዋን ስትከፍቱ አንዲት ቀጭን ሞላ አለች፤ ጢጥ የሚለው ድምፅ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ተፈናጥራ ከወደቀች አትገኝም። ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ በወረንጦ ያዟት፣ በሩንም ዝጉ፤ የጦሳ ተራራን ነፋስ ታውቁታላችሁ።

አመሰግናለሁ።