ስኳርዎ ስንት ነው? መቼ ተለካ?

እንደምን ዋላችሁ!

ታካሚዎች፣ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ በስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ የደም ስኳራችሁን ስለምትመዘግቡበት ደብተርና በውስጡ ስለሚጻፉት ቁጥሮች ነው።

አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ደብተሩን ሲያቀብለኝ ፈተና የወደቀ ተማሪ ይመስላል። 240 የምትለዋን ቁጥር በአውራ ጣቱ ሸፈን ያደርጋታል። ከፍ ከፍ ያለውን ትቶ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ጽፎ የሚመጣም አለ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ቁጥሩ የጥፋት ማስረጃ አይደለማ! መድኃኒታችሁን ለማስተካከል ያለን ዋናው መረጃ እሱ ነው። ግማሹ ከተደበቀ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው በግምት ይሆናል።

ስለዚህ ቁጥሩን እንዴት እናንብበው? ከጤነኛው ሰው እንነሳ።

በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በባዶ ሆድ የሚዘዋወረው ስኳር በጠቅላላው 5 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሰውነት ይህችን ታህል መጠን ቀንና ሌሊት ይጠብቃታል። ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ስኳሩ ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ይገባል። ስንተኛ ደግሞ ጉበት ካጠራቀመው ላይ ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ አንጎላችንን ያሳድራል። በአንደኛው ዓይነት ስኳር ቆሽት ኢንሱሊን ማምረቱን ያቆማል ወይም ለማቆም ይቃረባል። በሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊኑ አለ፣ ግን ሰውነት እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። እየቆየ ሲሄድ ምርቱም ይቀንሳል።

በሚሊግራም በዴሲሊትር ስንለካ፣ ጤነኛ ሰው በባዶ ሆዱ ከ70 እስከ 99 ነው። የስኳር ብርጭቆው ምርመራ፣ ማለትም ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ጠጥቶ የሚለካበት፣ ከተሰጠው ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ይሆናል። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር እያዘነበለ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ሕመም ይባላል። ግን ምልክት በሌለው ሰው ላይ በአንድ ልኬት አይፈረድም፤ ምርመራው መደገም አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። አንዳንድ መለኪያዎች የሚያነቡት በሚሊሞል ነው። 5.6 የሚል ቁጥር ዓይቶ «አለቀልኝ» ብሎ የደነገጠ ሰው አውቃለሁ። 5.6ን በ18 አባዙት፤ 100 አካባቢ ይመጣል። መሣሪያችሁ በየትኛው እንደሚለካ ዛሬውኑ እዩት።

ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዒላማው ከጤነኛው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ከ180 በታች ነው። በዕድሜ ለገፉ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው፣ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ለሚያውቁ ሰዎች ላላ ይደረጋል። ለነፍሰ ጡር ይጠብቃል፤ በባዶ ሆድ ከ95 በታች ነው የሚፈለገው። የጎረቤታችሁ ዒላማ የእናንተ አይደለም። የራሳችሁን ከሐኪማችሁ ጠይቃችሁ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

አሁን ዋናው ነገሬ ጋ ደረስኩ። 165 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ምሳ ከበላችሁ ሁለት ሰዓት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ተመስገን በሉ። ጠዋት ከመኝታ ስትነሱ ከሆነ ከፍ ብሏል፤ ለብዙ ቀን እንዲያ ከቀጠለ መነጋገር አለብን። ማታ ልትተኙ ስትሉ ከሆነስ? መቼ ነው ፈጣኑን ኢንሱሊን የተወጋችሁት? ከአንድ ሰዓት በፊት ከሆነ መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነው። ያ 165 ቁልቁል እየሄደ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት «ከፍ ብሏል» ብሎ ሌላ መርፌ መጨመር ሌሊቱን አደገኛ ያደርገዋል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሦስት። ለዚህ ነው ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ ስትመጡ የምጨቀጭቃችሁ። መቼ ተለካ? ከሱ በፊት ምን ተበላ? ምን ተወሰደ? ምን ይሰማችሁ ነበር?

ጠዋት ላይ ያለውን ቁጥር በተመለከተ ብዙ ሰው ይቸገራል። «እራት እንኳ አልበላሁም፣ ታዲያ 170 ከየት መጣ?» ይሉኛል። ከጉበት ነው የመጣው። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት እኛን ለማንቃት ሆርሞኖችን ይለቃል። እነሱ ደግሞ ጉበትን ስኳር ያስለቅቁታል። ጤነኛው ሰው በቂ ኢንሱሊን አመንጭቶ ያስተካክለዋል፤ ስኳር ያለበት ይቸገራል። ታዲያ መፍትሔው እራት መዝለል አይደለም። በተለይ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ቆሽትን ኢንሱሊን የሚያስመነጭ ክኒን የምትወስዱ፣ እባካችሁ ጾማችሁን አትደሩ። የጠዋቱን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፣ መድኃኒቱን እናስተካክላለን።

ልኬቱ ራሱም ሊያሳስት ይችላል። ፍራፍሬ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ጣት ከተወጋ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይሰቀላል። በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይበቃል። ጊዜው ያለፈበት ወይም ሙቀትና እርጥበት ያገኘው ስትሪፕም፣ ደሙን የምታስነኩት ቁራጭ ማለቴ ነው፣ አይታመንም። ጥሩ የሚባለው መለኪያ እንኳ 15 በመቶ ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል እንደሚችል እወቁ። ትናንት 112፣ ዛሬ 118 ሆነ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ስኳር ከፍ ሲል ምን ይሆናል? 180 አካባቢ ሲደርስ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና ስኳሩ ወደ ሽንት ያልፋል። ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽንት ይበዛል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጥማቱ አልቆርጥ ይላል። ዓይን ይደበዝዛል፣ ሰውነት ይዝላል። ግን ብዙ ሰው 220 ሆኖም ምንም አይሰማውም። ክፉው ነገር ይሄ ነው። ድምፅ ሳያሰማ በዓመታት ውስጥ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ለዚህ ነው የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን፣ የምናዝዘው። የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ያሳያል። ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን እንፈልጋለን።

ከፍ ያለ ስኳር በአጭር ጊዜም ሊገድል ይችላል። ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ኪቶን የሚባል አሲድ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን ካያችሁ ጊዜ አትፍጁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች ታምማችሁ ምግብ ባትበሉም ኢንሱሊኑን ሙሉ በሙሉ አታቁሙ። ትኩሳትና ኢንፌክሽን ስኳርን ከፍ ነው የሚያደርጉት። መጠኑን ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ እንጂ በራሳችሁ አትተዉት።

አሁን ስለ መውረድ ልናገር። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ምክንያቱም ሁላችንም፣ ባለሙያዎችም ጭምር፣ ከፍታውን ስናስፈራራ ዝቅታውን እንረሳለን። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ትልቅ ጥናት ነበር። የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው ሲቆጣጠሩ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳታቸው በብዙ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። ጠበቅ አድርገው የተቆጣጠሩት ሰዎች ላይ ከባድ የስኳር መውረድ ሦስት እጥፍ ገደማ በዛ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ ይዘን መሄድ አንችልም።

ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። ከ54 በታች ከሆነ አንጎል በቂ ስኳር እያጣ ነው። ቁጥሩ ምንም ቢል፣ ሰውየው ራሱን መርዳት ካቃተው ከባድ ነው።

አንዲት እናት በባዶ ሆዳቸው ሊመረመሩ መጥተው ወረፋ እየጠበቁ ነበር። ከቤት ሲወጡ ግን መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው ወስደዋል። ሳያቸው የሹራባቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ መልሰው ይፈታሉ፣ ደግሞ ይቆልፋሉ። የላይኛው ከንፈራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ስላቸው «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!» ብለው ተቆጡ። ምንም አላሉኝም ነበር። ስለካቸው 48። ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ 79 ሆነ፤ ቀስ ብለው ዞር አሉና «ተቆጣሁሽ እንዴ?» አሉኝ።

ቤተሰቦች፣ ይህን ልብ በሉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቀጥሎ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የንግግር መጎተት ይመጣል። ሰክሮ ነው የሚባልበትም ጊዜ አለ። ሌሊት ከሆነ ቅዠት፣ በላብ የራሰ አንሶላ፣ ጠዋት ራስ ምታት። ቁጣው የሰውየው ጠባይ ላይሆን ይችላልና አትመልሱለት፤ ለኩት። መለኪያ ከሌለ ግን ሳትለኩም ስኳር ስጡት።

የሚሰጠው 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከዚያ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፤ ካልተነሳ መድገም። ቸኮላት አይሆንም፣ ስቡ ያዘገየዋል። ስኳር አልባው ለስላሳም አይረዳም። መጠበቁ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ሰውነት «ብላ ብላ» ይላል። ግን በድንጋጤ ያገኙትን ሁሉ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ 300 ይሆናል። ከተነሳ በኋላ የምግብ ሰዓት ሩቅ ከሆነ ትንሽ ነገር መቅመስ ነው።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታድርጉ። ማርም፣ ውሃም። ትንታ ይገድለዋል። በጎኑ አስተኙት፣ ግሉካጎን የሚባለው ስኳር ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ካለ ስጡት፣ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ስኳሩ ቶሎ ቶሎ የሚወርድበት ሰው ምልክቱ እየጠፋበት ይሄዳል። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት፣ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይሸፍናሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል። አልኮል ጉበትን ስኳር ከመልቀቅ ስለሚያግደው ሰዓታት ቆይቶ ሊጥል ይችላል። ከባድ ሥራ ወይም ስፖርት የተሠራበት ቀን ሌሊቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪና የምትነዱ ሳትነሱ ለኩ። ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስዱ ግን ብዙም አትስጉ፤ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ለቤተሰብ አንድ ልመና አለኝ። መለኪያው 260 ሲል መጀመሪያ የምትሉት «ምን በልተህ ነው?» አይሁን። ይህን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተደብቆ ይለካል፣ ወይም አይለካም። ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጭንቀት፣ የተረሳ መርፌ፣ የተበላሸ ኢንሱሊን ሊሆን ይችላል። «ምን ይሰማሃል? ውሃ ላምጣልህ?» በሉ። ምክንያቱን አብራችሁ ፈልጉ፣ ያገኛችሁትን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ። እኛ ጋ ስትመጡም 260ዋን ሳትሸፍኑ አሳዩን።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። መለኪያችሁን የያዛችሁ በዚያው አውጡት። ብዙዎቹ ላይ ቀንና ሰዓቱ በትክክል አልተሞላም፤ ወደ መቀመጫችሁ እየመጣን አንድ በአንድ እናስተካክልላችኋለን።