በኪሎ የተሸጠችው ግመል

እሺ... ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ቬንትሌተር ነው፣ ድሬዳዋ ከዚራ እቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው፣ በዚህ ሙቀት ላጥፋው ብልም አልችልም፣ ታገሱኝ።

ስለ አንዲት ግመል ላወራችሁ ነው። የብረት ግመል። አጎቴ የሰራት።

አጎቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሰራው። ድሬ ላይ ምድር ባቡር ካልክ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በፈረንጅ 1902 ሀዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው፣ አዲስ አበባ እኮ ባቡር ያየችው ከዛ 15 አመት ቆይቶ በ1917 ነው። እኛ ሰፈር ታዲያ የባቡር እቃ የሌለበት ግቢ የለም፣ አንዱ ጋ ሀዲድ የበረንዳ ምሰሶ ሆኗል፣ ሌላው ጋ ከሀዲዱ ስር የሚጋደመው ብረት አጥር ሆኗል፣ እኛ ልጆች ደግሞ ዳዶና ቡሎን ነበር መጫወቻችን። አጎቴ በያጅ ነው። ማታ ማታ ከስራ መጥቶ በርጫው ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ ቁጭ ይልና የማይረባ ብረት ያገላብጣል፣ ምን እንደሚያይ አናውቅም፣ ዝም ብሎ ያያል። አንድ ክረምት እንዲህ ሲያገላብጥ ከርሞ ግመል አወጣ።

አንገቷ ትልቅ ሞላ ነው፣ ስቦ አጥፎት። እግሯ ቱቦ። ጉልበቷ ኩሽኔታ። ሻኛዋ የታጠፈ ላሜራ፣ አይኗ ሁለት ዳዶ፣ ጅራቷ ካቴና። እኔ ያኔ 10 አመቴ ነው፣ ደረቴ ጋ ትደርሳለች። እና ያቺ ግመል ምን ነበራት መሰላችሁ፣ ከበር ስትገባ ግመል ናት፣ ከሩቅ እውነተኛ ግመል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትንቅ አይነት፣ ጠጋ ስትል ግን ግመሏ ትጠፋና ኩሽኔታ ታያለህ፣ ሞላ ታያለህ፣ ከዛ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትመለስ ተመልሳ ግመል ትሆናለች። እኔ ይሄን መሄድና መመለስ ቀኑን ሙሉ ስሰራው እውል ነበር።

አጎቴ ሲያርፍ እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ ነበርኩ። ከተዝካሩ በኋላ ቤቱ ሲፀዳ ቁራሌ ተጠራ፣ ግመሏ ሚዛን ላይ ወጣች፣ በኪሎ ተሸጠች። ማንንም አልወቅስም፣ ቦታ ይዛለች፣ ብር ያስፈልጋል፣ ብረት ብረት ነው። ግን ስልክ ላይ ስሰማው የተሰማኝን ነገር እስካሁን በደንብ መናገር አልቻልኩም፣ ይሄ ኤፒሶድ ራሱ ለዛ ነው።

አሁን ሰዓሊው ፒካሶ ጋ ልውሰዳችሁ። በ1942 ፓሪስ በጀርመን ተይዛ እያለች ፒካሶ የአሮጌ ሳይክል ኮርቻና መሪ ከቁርጥራጭ መሀል አገኘ፣ ኮርቻውን ፊት አደረገ፣ መሪውን ቀንድ፣ በቃ የበሬ ራስ ሆነ። ሌላ ምንም የለውም። በኋላ በነሐስ አስቀረፀው። ስለዚህ ስራ ሲያወራ ምን አለ ተብሎ ይነገራል፣ አንድ ቀን ሰው ወድቆ ቢያገኘው እና ይሄማ ለሳይክሌ መሪ ይሆነኛል ብሎ ቢወስደው ደስ ይለኛል አለ፣ እንደገና ወደነበረበት ቢመለስ ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ምክንያቱም በእሱ ሀሳብ ከሄድን የአጎቴ ግመል ቀልጣ ፌሮ ሆና አሁን የሆነ ፎቅ ውስጥ ከቆመች ጥሩ ነው ማለት ነው።

እኔ ግን አልስማማም። ፒካሶ ያለው መሪው መሪ ሆኖ እንዲመለስ ነው፣ የሚያነሳው ሰው አይቶት፣ አውቆት። ሚዛን ግን አያይም። ሚዛን ላይ ግመሏም ሞላውም እኩል ነው የጠፉት፣ የቀረው ኪሎ ብቻ ነው። እና አንድ ነገር ልጨምር፣ ነሐሱም ቢሆን ለእኔ የሆነ ነገር ቀንሶበታል፣ ኮርቻው ቆዳ የነበረ ጊዜ ነው ሁለቱም አንድ ላይ የሚታዩት፣ ኮርቻም በሬም። ሁሉም ነሐስ ሲሆን ወደ በሬው ያደላል። የዚህ አይነት ጥበብ ሀይሉ እዛ ጋ ይመስለኛል፣ እቃው ድሮ የነበረውን ሳይተው ሌላ ሲሆን።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ የሚባል ሰፈር አለ። ሳይመን ሮዲያ የሚባል ከጣሊያን የሄደ የቀን ሰራተኛ ከ1921 እስከ 1954 ድረስ፣ 33 አመት ማለት ነው፣ ብቻውን እቤቱ ግቢ ውስጥ ማማ ሲሰራ ኖረ። ትልቁ 30 ሜትር ይጠጋል። እና ብየዳ የለም፣ ቡሎን የለም! ብረቱን በሽቦ ጠቅልሎ ሲሚንቶ ይለብጠዋል፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተሰበረ ሳህን፣ ሴራሚክ፣ ዛጎል፣ የለስላሳ ጠርሙስ ስባሪ ይተክልበታል፣ አረንጓዴው የሰቨን አፕ ነው። ብረቱን በምን እንደሚያጥፈው ታውቃላችሁ? ከቤቱ አጠገብ የባቡር ሀዲድ ነበር፣ ሀዲዱን እንደ ሞርሳ እየተጠቀመ። ይሄን ሳውቅ ወላሂ ብድግ አልኩ፣ አጎቴ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ያን ሰውዬ ወንድሜ ይለው ነበር።

በኋላ ከተማው አደገኛ ነው ይፍረስ አለ። በ1959 እንፈትነው ተባለና በክሬን 10,000 ፓውንድ ጫና አደረጉበት፣ አራት ቶን ተኩል መሆኑ ነው። ማማው ቆመ፣ የተበላሸው ክሬኑ ነው። እስከዛሬ አለ።

የኛ ሰፈር ልዋጭ ታውቃላችሁ አይደል፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ሰጥተህ ሳፋ የምትቀበለው። ሞዛምቢክ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1995 አብያተ ክርስቲያናት የመሳሪያ ልዋጭ ጀመሩ፣ ክላሽ ያመጣ ዶማ፣ ሳይክል ወይ ስፌት መኪና ይወስዳል። የተሰበሰበው ተቆራረጠና ለአርቲስቶች ተሰጠ፣ አራቱ ሆነው ከዛ ብረት ሶስት ሜትር ተኩል የሚሆን ዛፍ ሰሩ፣ አሁን ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ቅርንጫፉ አፈሙዝ ነው። እዚህም ጠጋ ስትል መሳሪያ፣ ራቅ ስትል ዛፍ። እነሱ መሳሪያውን በኪሎ መሸጥ ይችሉ ነበር እኮ፣ ቀልጦ ማንም ሳያውቀው ያልቅ ነበር።

ከኛ ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ፣ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ ባለቀለም ሽቦ እየጎነጎነ በግድግዳ ሙሉ የሚሰራው። ከሩቅ ከላይ የታየ የእርሻ መሬት ይመስላል፣ ቀርበህ ስታየው የሰው ስልክ ሆድ እቃ ነው። በአካል ካላያችሁት ፎቶ አይበቃውም።

እና ባለፈው ሳምንት ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ የጓደኛዬ እናት ቤት ገብቼ ነበር። የሐረሪ ቤት ታውቁታላችሁ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ነው። ድሮም አይቼዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ይሄ ግመል ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበረ ይሁን አላውቅም ቆሜ ቀረሁ። ሳህን እኮ የሚበላበት ነው። ግድግዳ ላይ ሲደረደር ሳህንነቱን አልተወም፣ ድግስ ሲመጣ ይወርዳል፣ ታጥቦ ተመልሶ ይሰቀላል። ይሄን ማንም ሀውልት አይለውም፣ ለኔ ግን ዛሬ ያወራሁት ሁሉ እዛ ግድግዳ ላይ አለ። እናትየውን ይሄ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ብላቸው ሳቅ አሉና ቡና አቀረቡልኝ።

ከሐረር ስመለስ በቀጥታ አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ የአጎቴ ባለቤት። ከግመሏ የቀረ ነገር የለም ወይ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና በእጇ ወደ ግቢው በር አሳየችኝ።

በሩ የሚቆለፍበት ካቴና። ጅራቷ። ቁራሌው ሲመጣ ብየዳው ለቆ ቀድሞ ወድቆ ነበርና ሳይመዘን ቀርቷል። አቦ እኔ ያንን ካቴና ስንት አመት ከፍቼ ገብቻለሁ፣ ስንት ጊዜ በዚህ እጄ ይዤዋለሁ።

ስጪኝ አልኳት። "ታዲያ በሩን በምን ልዝጋው የኔ ልጅ?" አለችኝ።

ልክ ናት። ቅዳሜ ቀፊራ ወርጄ አዲስ ካቴና እገዛለሁ፣ ልዋጭ ማለት ነው። እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ አባታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ የሰራው፣ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ፎቶ አንሱና ቴሌግራም ላይ ላኩልኝ፣ ማን እንደሰራው፣ ከምን እንደሰራው በድምፅ ንገሩኝ። በሚቀጥለው አሰማቸዋለሁ። ቸር ሁኑ።